ውዳሴ መዶሻ

እኛ ዘንድ መዶሻን የሚያህል ባለሙያ የለም። የተኮላተፈ ሬዲዮ በጥፊ ሲሠራ ያደግን ሰዎች ነን። ሞተር ሳይክል ከማን በልጣ ትተርፋለች?

በቀደም አሮጌ ያማሃዬን ይዤ ጋራዥ ሄድኩ። ከጨረታ የገዛኋት ናት። ከእኔ በፊት ስንት ቀበሌ እንደዞረች እሷና ጭቃው ያውቃሉ። ካቴናዋ ተንዘላዝሏል፤ ካቴናው የሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ጥርሶቿ እንደ ማጭድ ሾለዋል። አዲስ ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ ከዋለ ቶሎ ስለሚበላ፣ ሦስቱንም ከሱማሌ ተራ አስመጥቻለሁ። የቀረው አሮጌውን መፍታት ነው።

የፊቱን ጥርስ፣ ፒኞኑን፣ የያዘው አንድ ትልቅ ዳዶ ነው። ከሥሩ ስስ ሮንዴላ አለች። የሮንዴላዋ ጆሮ ወደ ዳዶው ጎን ታጥፋለች፤ በንዝረት ብዛት እንዳይላላ ነው። ይህቺን ጆሮ ቀና ታደርጋለህ። ካቴናውን ሳታወልቅ አንድ ሰው የኋላ ፍሬኑን ይረግጥልሃል። ከዚያ እጀታው ረዘም ባለ መፍቻ ወደ ግራ ትገፋለህ። አለቀ። ሁለት ሰው ይበቃዋል።

የመካኒካችን ታላቅነት የታየው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰው የሚጨርሰው ሥራ ምኑ ሥራ ነው? ስለዚህ መጀመሪያ ካቴናውን በግራይንደር ቆረጠው። ቀጥሎ የኋላ ጎማውን አወለቀ። ሌባ እንኳ በካቴና ነው የሚያዘው፤ እሱ ግን ዳዶውን አስሮ ሊያስፈታለት የነበረውን ካቴና ቆርጦ ጣለ። አሁን መፍቻው ሲዞር ፒኞኑም አብሮ ይዞራል። በዚህ ብልሃት ለአምስት ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ። ሁለቱ ሞተሯን አቀፉ። አንዱ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰካ። አንዱ በፒኞኑ ጥርሶች መሃል ካቻቢቴ ሸጎጠ፤ የካቻቢቴው ጫፍ የተደገፈው የሞተሩ የአልሙኒየም ቤት ላይ ነው። ቢሰነጠቅስ? ብየዳ ቤቱ ጎረቤት ነው። አምስተኛው ስልኩን ያያል፤ እረፍት ላይ ነበር መሰለኝ።

የሮንዴላዋን ጆሮ ቀና ያደረገ አለ? ማን ጎንበስ ብሎ ያያል! ጎንበስ ማለት የጀማሪ ነው።

ከዚያ አማካሪዎች መጡ። እኛ አገር መንገድ ላይ ሞተር ከተፈታ መሃንዲስ ከየት እንደሚፈልቅ አይታወቅም። «ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው!» አለ ባለባጃጁ። «ኧረ ግራ ነው፣ እኔ ያማሃ ነድቻለሁ!» አለ የባንኩ ጥበቃ። ሊስትሮው ግን ሁለቱንም አልደገፈም። «በለው!» አለ። ድምፅ ቢሰጥ የሚመረጠው እሱ ነበር።

በለው ተባለ፣ ተባለም። መፍቻው ሲንሸራተት መሮ መጣ። ዳዶው ሲገባ ስድስት ጎን ነበረው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንድም አልቀረውም፤ እንደ እንጀራ ክብ ሆነ።

እኔ ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ትንሽ ደብልዩ ዲ 40 ቅባት ብንነፋበትና ብናሳድረውስ?» አልኩ። ሁሉም በአዘኔታ አዩኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ውሃን ከብረት የሚያርቅ ቅባት ሲፈልጉ፣ የሠራላቸው አርባኛው ሙከራ ነው ይባላል። 40 የሚለው ቁጥር ከዚያ ቀረ። እኛም አርባ አላነሰንም። ልዩነቱ፣ እነሱ አርባ ጊዜ ቀመር ቀየሩ፤ እኛ አርባ ጊዜ ያው ቦታ ላይ መታን። በጽናት የሚበልጠው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የኋላው ጥርስም ክብሩን አላጣም። ጥርሱ የሚታሰርበት የአልሙኒየም ቤት ውስጥ የብረት ቡሽ፣ ቱቦ መሳይ ቀለበት፣ አለ፤ በዘመናት ዝገት ተጋብተው አንድ ሥጋ ሆነዋል። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ቤቱ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ቢፈስበት ቡሹ ሊላቀቅ ይችል ነበር። ውሃው ፈልቶም ነበር። ሻይ ጠጣንበት። ቡሹ በመዶሻ ወጣ፤ ከኩሽኔታው ጋር፣ ከቤቱም ቁራሽ ጋር። አዲስ ኩሽኔታ አላሰብኩም ነበር፤ መዶሻው አሰበልኝ።

ወደ አመሻሹ ላይ ዳዶው በመሮ ለሁለት ተሰነጠቀና ወደቀ። ጭብጨባ ሆነ። ከሞተሩ የሚወጣው ዘንግ ዳዶው የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ተላልጧል፣ በጎማ ማኅተሙ በኩል ዘይት ጠብ ጠብ ይላል፤ ግን በድል ቀን ስለ ጠብታ አይወራም።

አዲሱ ዳዶ በተላላጠው ዘንግ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። መካኒካችን አዲሷን ሮንዴላ በጣቶቹ አገላብጦ አያት። «ይቺ ቆርቆሮ ደግሞ ምን ትሠራለች?» ብሎ ወረወራት። ጎረቤቱን ጠርቶ ዳዶውን ከዘንጉ ጋር በሦስት ነጥብ አስበየደው። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በኩራት አየኝ።

«ከእንግዲህ ማንም አይፈታውም!» አለ።

«እጅህ ይባረክ» ብዬ የእጁን ከፈልኩ።