ንስር ያለበት ብር ሁሉ የንጉሥ ብር አይደለም

ወንድሜ የለጠፍከው የድሮ የብር ሳንቲም ፎቶ አሪፍ ነው ግን አንድ እርማት፤ "ሁለት ራስ ያለው ንስርና የዮሴፍ 2ኛ ስም ስላለበት ቪየና ንጉሡ ያስመታው ነው" ያልከው ልክ አይደለም (ዮሴፍ 2ኛ ያኔ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት፣ ማለትም የጀርመን አገሮች ሁሉ የበላይ ነበር)። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው፣ እኔም በፊት እንደዛ ይመስለኝ ነበር።

እስኪ ሳንቲሙን ገልብጠው። ማማና ቤተክርስቲያን ያለበት ከተማ ታያለህ አይደል? ከላዩ ደሞ ኑረምበርግ ይላል። ይሄ የ1768 (እ.ኤ.አ.) ታለር (ትልቅ የብር ሳንቲም) ነው፣ ያስመታውም የጀርመኑ ኑረምበርግ ከተማ ራሱ። ኑረምበርግ፣ አውግስቡርግ፣ ፍራንክፈርት፣ ሬገንስቡርግ እነዚህ ሁሉ መስፍን የሌላቸው በምክር ቤት የሚተዳደሩ ነፃ ከተሞች ነበሩ፣ ከነሱ በላይ ያለው ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ስለሆነ የሱን ስምና ንስሩን በአንድ ፊት ያደርጉ ነበር፣ በሌላኛው የራሳቸውን ነገር። አውግስቡርግ ለምሳሌ የጥድ ፍሬ፣ ሬገንስቡርግ ደሞ የተጣመሩ ሁለት ቁልፎች። ስለዚህ ስሙ የበላይ ማን እንደሆነ ነው የሚነግርህ እንጂ ብሩን ማን እንዳስመታው አይደለም።

"ከማርትሬዛ ጋር እኩል ይመዝናል" ያልከው ግን ልክ ነህ፣ 28 ግራም ገደማ። ምክንያቱ አንድ ቦታ መመታታቸው ሳይሆን አንድ ስታንዳርድ መከተላቸው ነው፤ ከአንድ የኮሎኝ ማርክ (የድሮ የክብደት መለኪያ፣ 234 ግራም አካባቢ) ንጹህ ብር 10 ታለር ይወጣል፣ ያንተው ላይ እኮ "10 ከአንድ ንጹህ ማርክ" ብሎ በጀርመንኛ ተጽፏል፣ 10ሯ በሮማን X ስለሆነች ነው ያላየሃት።