ሲታመም ከምታዋጡለት በጤናው ጊዜ ክፈሉት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። የምቆጣው ስለምወዳችሁና ነገሩ ስላንገበገበኝ ነውና ሳትናደዱ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በየጊዜው አንድ ፎቶ ፌስቡኩና ቲክቶኩ ላይ ይዞራል አደል፣ በልጅነታችን በቴሌቪዥን እያየነው ያደግነው ተዋናይ ወይ በካሴት የሰማነው ድምጻዊ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ፊቱ ክስት ብሎ፣ ከስሩ ደሞ የባንክ ሂሳብ ቁጥር። ኩላሊት ነው፣ ስትሮክ ነው፣ ውጭ ሄዶ ይታከም ተብሏል። ያኔ እንረባረባለን፣ ሼር እናረጋለን፣ አንዱ 100 ብር አንዱ 1,000 ብር ይልካል፣ ኮመንት ላይ "የሀገር ባለውለታ" እንላለን፣ ከንፈር እንመጣለን። መርዳታችሁን አልነቅፍም፣ እሰየው፣ ነፍስ ነው። ግን ይሄ ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ድምጹ ሳይሰበር፣ መድረክ ላይ ላቡን ጠብ እያረገ በነበረ ጊዜ ስንቶቻችሁ ትኬት ቆርጣችሁ ገባችሁ? ካሴቱን ስንቶቻችሁ ሙዚቃ ቤት ሄዳችሁ ገዛችሁ፣ ስንቶቻችሁስ ባዶ ካሴት ይዛችሁ ከጓደኛ አስቀዳችሁ? ቴአትር ሲባል በመጥሪያ ካልሆነ አልገባም ያላችሁስ? ሰውዬው የታመመው ዘንድሮ ነው፣ የደኸየው ግን ያኔ ነው፣ ያደኸየነውም እኛው ነን።

መንግሥትስ የት አለ ትላላችሁ፣ አውቃለሁ። መንግሥት ድርሻ አለበት፣ የሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ግን እዚ ሀገር ኪነጥበብ በቤተ መንግሥት ገንዘብ ብቻ ኖሮ አያውቅም፣ በሰፈር ሰው እጅ ነው የኖረው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይሄን ያውቃል። አንዱ ከጥግ ተነስቶ "ተቀበል!" ይላል፣ ስንኙን ይወረውራል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይቀበለዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፣ ከዛ ሰውየው ብድግ ብሎ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ልብ በሉ፣ አድማጩ ግጥሙንም ያዋጣል ገንዘቡንም ያዋጣል፣ አዝማሪው ደሞ ለዛውንና ድምጹን ሰጥቶ ነው የሚቀበለው፣ ማንም ማንንም አልለመነም። ቡሄ ላይ ሆያ ሆዬ ብለው በር የመቱ ልጆች ሙልሙል ተሰጥቷቸው፣ መርቀው ነው የሚሄዱት። ወደ ቤተክርስቲያንም ሂዱ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ጣና ላይ ደቅ ደሴት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ውስጥ ራሳቸው እቴጌይቱ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ተስለዋል። ይሄ የነገሥታት ብቻ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ንጉሥ የማያውቃቸው ሰዎችም ለሠዓሊ ከፍለው እገሌ ያሳለው ተብሎ ስማቸው የሰፈረባቸው ሥዕሎች በየገጠሩ ደብር አሉ። ሰው ሥዕል ማሳልን ከስለት ቆጥሮ ከጎተራው አውጥቶ ይከፍል ነበር።

ሀገር ፍቅርንም አስቡት። ዛሬ ፒያሳ ስናልፍ እንደ አንድ አሮጌ ህንጻ ነው የምናየው፣ ሲጀመር ግን ማህበር ነበር፣ በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወረን ጦሩን ድንበር ላይ ሲያከማች ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለመቀስቀስ የተቋቋመ የሀገር ፍቅር ማህበር። ከነጻነት በኋላ ነው ቴአትር ቤት የሆነው፣ ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ሰው ከዛ መድረክ ነው የወጣው። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አዲስ አበባ እንዴት እንደወጣች ታስታውሳላችሁ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እንባውን እያፈሰሰ አስከሬኑን ሸኘ። ለቅሶ ላይ ማንም አይደርስብንም እኮ፣ እሱ ላይ ጎበዞች ነን። ያ ሁሉ ለቀስተኛ በየወሩ አንድ ትኬት ቢቆርጥ ግን ስንት ወጣት ድምጻዊ ስደት ሳይሄድ፣ ሙያውን ሳይተው በቀረ ነበር።

የቀበሌ ኪነትን የምታስታውሱ ታላላቆቼም አላችሁ። በደርግ ጊዜ ያው ለፖለቲካ ተብሎ ነበር፣ ልጆች ተገደው የዘመሩበትን አልረሳም፣ እሱን አላሞግስም። ግን ቀበሌው አዳራሽ ነበረው፣ ከበሮና ክራር ነበረው፣ ማታ ማታ ከትምህርት መልስ የሚሰበሰቡ ልጆች ነበሩት፣ ዛሬ አንቱ ከተባሉት ተዋንያንና ድምጻውያን ስንቶቹ እዛ ነው አፋቸውን የፈቱት። ፖለቲካው ሲሄድ ኪነቱም አብሮ ሄደ። አዳራሹስ? በየሰፈራችሁ ሂዱና እዩት፣ አንዱ የተሰበረ ወንበር መጋዘን ሆኗል፣ ሌላው በዓመት ሁለት ሶስቴ ለስብሰባ ይከፈታል፣ ወጣት ማዕከል የሚባለውም ብዙ ቦታ ላይ ፑል ማጫወቻና የፕሪሚየር ሊግ ማሳያ ነው። ኳሱን አልጠላም ግን ክራር መማር የፈለገች ልጅ የት ትሂድ? ይሄን ማንም ከላይ መጥቶ አልዘጋብንም፣ ሲዘጋ ቆመን አይተን ዝም አልን።

አሁን በጣም ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። እንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆች ሥዕል ስለው በየቤቱ ያዞራሉ አደል፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፣ ወንዶቹ ፀሐይ፣ አደይ አበባ፣ ክንፍ ያለው መልአክ በከለር ስለው ያመጣሉ። የሀገራችን የመጀመሪያው የሥዕል ገበያ ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም። እኛ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ግቢ አንድ ልጅ፣ ቢበዛ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ደብተር ቀዶ አደዩን በቢጫ ከለር እስኪወፍር ደርቦ ቀብቶ፣ ዙሪያውን በቀይ ሀረግ ከቦ፣ መኪናውን ሊያስነሳ ለነበረ ጎልማሳ ሰጠው። ሰውየው ፈገግ ብሎ ብር አውጥቶ ሰጠው፣ ሥዕሉንም መለሰለት። "ለሌላ ሰው ሽጠው" ብሎት ሄደ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ደግ የሠራ ነው የመሰለው። ልጁ ግን አንድ እጁ ላይ ብሩን አንድ እጁ ላይ ሥዕሉን ይዞ ዝም ብሎ ቆመ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ደረጃ ሁሉ ሲወጣ ሥዕሉን ሳይዘረጋ እጁን ብቻ ነበር የሚዘረጋው። ወንድሜ፣ ብሩን ሰጥተኸው ሥዕሉን ስትመልስለት ምን እንዳስተማርከው ገባህ? ሠዓሊ ሆኖ የመጣውን ልጅ ለማኝ አርገህ ሸኘኸው። ሥዕሉን ተቀበለው፣ እየው፣ ይሄ ቀይ ሀረግ ምንድነው ብለህ ጠይቀው፣ ፍሪጅህ ላይ ለጥፈው። በዛ ላይ ልጆችን ጭራሽ በር ላይ የሚመልስ ጥበቃ ያለባቸው ግቢዎች በዝተዋል፣ ጥበቃው ትእዛዝ ነው ይላል፣ አዛዡ ደሞ የእናንተው የነዋሪ ኮሚቴ ነው።

ይሄ ነገር ልጁ ሲያድግም አይለቀውም። ሰርግ ስትደግሱ ለአዳራሹ ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ለዲኮሩ፣ ለኬተሪንጉ፣ ለቪዲዮው፣ ለሜካፑ ሳንቲም ሳትጎድሉ ትከፍላላችሁ፣ ድምጻዊው ዘንድ ስትደርሱ "አንተማ ወንድማችን አይደለህ፣ ሁለት ሶስት ዘፈን ብቻ፣ ፕሮሞሽንም ይሆንልሃል" ይመጣል። ፕሮሞሽን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ባዛር ስታዘጋጁ የድንኳን ኪራይ ይከፈላል፣ ገጣሚዋ ግን ለበጎ ዓላማ ነው ተብላ ከነትራንስፖርቷ በራሷ ኪስ ትመጣለች። ሎጎ የሚሠራላችሁን ልጅ "አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም" ትሉታላችሁ፣ አምስት ደቂቃ የሆነለት እኮ አስር ዓመት ስለተማረው ነው። ሥጋ ቤቱ ላይ በሬ፣ ፀጉር ቤቱ ላይ ቁርጥ ያለ ጎፈሬ የሚስሉ የሰፈር ሠዓሊዎች ነበሩን፣ ባነር በኮምፒውተር መታተም ሲጀምር አንድ ቀን እንኳ የት ሄዱ ብለን አልጠየቅንም። ኤግዚቢሽን ሲከፈት መጥታችሁ ከሥዕሉ ፊት ሰልፊ ትነሳላችሁ፣ የቀረበውን ወይን ትጠጣላችሁ፣ ዋጋ ሳትጠይቁ ትወጣላችሁ። ትልቁን ሸራ ግዙ አላልኩም፣ ህትመት አለ፣ ፖስትካርድ የምታክል ንድፍ አለች፣ ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ አበባ ከምትሰቅሉ እሷን ስቀሉ።

መጽሐፉን ደሞ ስሙኝ። ደራሲው ከዘመድ ተበድሮ ማተሚያ ቤት ይከፍላል፣ የወረቀት ዋጋ ታውቃላችሁ፣ መጽሐፍ ሻጩ ድርሻውን ይወስዳል፣ የቀረችዋ ለሱ ናት። ሳምንት ሳይሞላው ቴሌግራም ላይ በስልክ ካሜራ ተነስቶ ይለቀቃል፣ የገጹ ጠርዝ ላይ የሰውየው አውራ ጣት ሁሉ ይታያል። ኮመንቱ "እናመሰግናለን ወንድሜ፣ ክፍል ሁለትስ?"። ደራሲው መጽሐፌ ወጣ ብሎ ፖስት ባደረገበት ስርም ሳይቀር "ፒዲኤፉን ላክልኝ" የሚል ሞልቷል፣ ያውም ለራሱ ለደራሲው! ህግ የለም እንዳትሉኝ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። ግን ፖሊስ የእያንዳንዳችንን ስልክ ሊፈትሽ አይችልም፣ ይሄ የህሊና ነገር ነው። የጎረቤት ዶሮ ግቢያችሁ ብትገባ አባርራችሁ የምትመልሱ፣ ጾማችሁን የምትጾሙ፣ ሶላታችሁን የምትሰግዱ ሰዎች ናችሁ፣ የሰው ድካም ሰርቆ ማንበብ ላይ ሲደርስ ምነው ሀራሙም ሀጢአቱም ተረሳ?

ኑሮ ተወዷል የምትሉኝ እውነታችሁን ነው፣ ጤፍና ዘይት ካልተገዛ ቴአትር አይታሰብም፣ እዛ ያለውን ሰው አንድም ቃል አልናገረውም። እሱ በነጻ የተከፈተ መድረክ ላይ ልጁን ይዞ ቢመጣ፣ ቁጭ ብሎ ቢያጨበጭብ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የምናገረው ቅዳሜ ማታ ድራፍት ቤት ለአንድ ጠረጴዛ የሚከፍለውን ሳይቆጥር የቴአትር መግቢያ ተወደደ የሚለውን ነው። ስንፈልግማ እንችላለን። ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲቀርብ ሰው ግጥም ለመስማት ከፍሎ አዳራሹን ሞልቶት አይተናል፣ ግጥም ነው እኮ የምላችሁ፣ ዳንስ የለው ምን የለው። ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ እሁድ እሁድ ሰልፉ አስፋልቱን ይዞ የሚሄድበት ዘመንም ነበር። ውጭ ያላችሁ ወገኖችም በየዓመቱ ሰሜን አሜሪካ የኳስ ፌስቲቫል ላይ ለኮንሰርት በዶላር ትከፍላላችሁ፣ ሀገር ቤት የወጣ መጽሐፍ ሲሆን ግን እናንተም ፒዲኤፍ ነው የምትጠይቁት። እንደውም ለእናንተ ይቀላል፣ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ላይ ለአምስት መጽሐፍ ገንዘብ ብትሰጡ ይዞላችሁ ይመለሳል።

ስለዚህ ይሄን አርጉልኝ። እድራችሁ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ አባላቱ በየወሩ ይሰበሰባሉ፣ ይሄ ሁሉ ተሟልቶ የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የቀበሌው አዳራሽ ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆች ይከፈት፣ ወረዳው እምቢ ካለ ከየቤቱ ፊርማ አሰባስቡና የእድሩ ዳኛ ይዘውት ይሂዱ፣ የእድር ዳኛ ሲመጣ ዝም ብሎ የሚመልስ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ከወርሃዊው መዋጮ ላይ ለኪነጥበብ ትንሽ ይመደብ፣ በሶስት ወር አንዴ ድንኳኑ ለደስታ ይተከል፣ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ማሲንቆ መቺ፣ የሃይስኩሉ የድራማ ክበብ፣ ግጥም የምትጽፈው የባለሱቁ ልጅ ይቅረቡ። ኮሚቴው አስተዋዋቂ ማምጣት፣ ባለሥልጣን መጋበዝ፣ ሰዓቱን በንግግር መጨረስ ውስጥ አይግባ፣ ሰው የመጣው ልጆቹን ለማየት ነው። መግቢያም ይኑረው፣ የፈለገ ትንሽ ብር ይሁን፣ ግን ይኑረው፣ የሌለው በነጻ ይግባ። የተሰበሰበውን ቆጥራችሁ፣ ሂሳቡን ጽፋችሁ፣ ለሠሩት ልጆች በስማቸው አስፈርማችሁ ስጧቸው፣ እንደለመዳችሁት በብስኩትና በለስላሳ አትሸኟቸው።