የናታሊ 10 ኪሎ ሜትር የት ገባ?

ስለ ደቡብ አፍሪካዊቷ ዋናተኛ ናታሊ ዱ ቶይት በመጻፋችሁ ደስ ብሎኛል። ግን የፓራሊምፒክ ሜዳሊያዎቿን ብቻ ቆጥራችሁ ትልቁን ነገር ዘለላችሁት።

ልጅቷ በ2001 እ.ኤ.አ. ከዋና ልምምድ ስትመለስ መኪና ገጭቷት ግራ እግሯ ከጉልበቷ ተቆረጠ። ገና 17 ዓመቷ ነበር። በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ ግን ሁለት እግር ካላቸው ሴቶች ጋር 10 ኪሎ ሜትር ዋኘች። ያለ ሰው ሠራሽ እግር! 16ኛ ወጣች። ሁለት ሰዓት ገደማ በፈጀ ውድድር ከአሸናፊዋ ላሪሳ ኢልቼንኮ የዘገየችው 1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

ይሄ ክፍት ውሃ ላይ የሚደረግ ውድድር ነው፤ እንደ ገንዳ ዋና እኮ አይደለም። የየራስ መስመር የሚባል የለም። ክርን ፊት ላይ ያርፋል፤ የፊተኛዋ ተረከዝ መነጽር ያወልቃል። የሚጠጣው እንኳ በረጅም ዘንግ ጫፍ ነው የሚቀበሉት፤ ጎንጨት አድርገው ይቀጥላሉ። በዚያ ግፊያ መሃል በአንድ እግር ሚዛን ጠብቆ መዋኘት! ባሰብኩት ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል።

በዚያው ዓመት በኦሊምፒክም በፓራሊምፒክም የአገሯን ባንዲራ ይዛ የገባችውም እሷ ናት። ክፍል ሁለት ካላችሁ እባካችሁ ያን የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ቀን በሰፊው ጻፉልን።