ኬድስ ኮቭ የግንድ ጎጆ መንደር ብቻ አልነበረም

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ በስሞኪ ተራሮች ውስጥ ባለው የኬድስ ኮቭ ሸለቆ የነበሩት ሰዎች «ከዓለም ተቆርጠው በግንድ ጎጆ ብቻ ይኖሩ ነበር» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ጎብኚም እንዲሁ ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ አልፈርድብህም። ለእነሱ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ፖስታ ቤት የተከፈተላቸው በ1833 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጆን ኬብል ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ያቆመው የውሃ ወፍጮ በቆሎ ከመፍጨት አልፎ ግንድ ይሰነጥቅ ነበር። ውሃው በእንጨት ቦይ መጥቶ ከላይ መንኮራኩሩ ላይ ይወርዳል፣ በክብደቱም ያሽከረክረዋል። እዚያ በተሰነጠቀ ጣውላ በ1879 የተሠራ ቤት ዛሬም አለ፤ ቦታው ተቀይሮ ወፍጮው አጠገብ ቆሟል።

እንዲህ ያሉ የጣውላ ቤቶች ብዙ ነበሩ። ስፍራውን የያዘው ብሔራዊ ፓርክ በ1930ዎቹ ሲቋቋም ነዋሪው እንዲነሣ ተደረገ። የፓርኩ አስተዳደር ደግሞ ዘመናዊ የሚመስሉትን ቤቶች አፈረሰና በአብዛኛው የግንዶቹን አስቀረ። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ጎብኚው የሚያየው ተመርጦ የተረፈውን ነው።

ከዓለም እንዳልተቆረጡ ለማየት ቤተ ክርስቲያኖቹንም ተመልከት። ፕሪሚቲቭ ባፕቲስት የተባሉት ፕሮቴስታንቶች በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ስብሰባቸውን አቋርጠው ነበር። ምክንያቱን በመዝገባቸው አስፍረውታል፦ እነሱ የኅብረቱ (የሰሜኑ የፌዴራል መንግሥት) ደጋፊ ነበሩ፣ አካባቢው ላይ ደግሞ የደቡብ አማፂዎች በርትተው ነበር።