አቦ፣ በስንት ገዛኸው?

የድሬን ሰው በብዙ ነገር ያሙታል። ሙቀቱ አስንፎታል ይላሉ። ከምሳ በኋላ ሽርጡን አሸርጦ ጋደም ነው ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች የድሬ ሰው ዲቪዲ ማጫወቻ ሲገዛ አላዩትም። እኔ አይቻለሁ። አይቼም አልቀረሁ፣ ገዝቻለሁ። ለዚህ ጥበባችን እስከ ዛሬ የሚያመሰግነው ሰው ስላልተገኘ እኔ ልጀምር።

ሌላው ዓለም ማጫወቻ የሚገዛው ፊልም ሊያይበት ነው አሉ። ምን ዓይነት የዋህነት ነው! እኛ የምንገዛው ቅናሹን ነው። ማጫወቻው የቅናሹ ፌስታል ነው። ፌስታል ተቀደደብኝ ብሎ ያለቀሰ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም።

ካላመናችሁኝ ካርቶን ታቅፋችሁ ከታይዋን ውጡ። ታይዋን ስል ደሴቲቱን አይደለም፤ የኛን ታይዋን፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚቸበቸብበትን ገበያ ነው። ባጃጅ ውስጥ እግራችሁን ሳታስገቡ ሾፌሩ "አቦ፣ በስንት ገዛኸው?" ይላል። ሰፈር ስትደርሱ የጉልቷ ሴትዮ ሽንኩርቷን ትታ "በስንት ገዛኸው?" ትላለች። ግቢው በር ላይ ጥርሱን አብቅሎ ያልጨረሰ ሕፃን ሳይቀር "በስንት ነው?" ይላል። "ምን ምን ያጫውታል?" ያለኝ የለም። "ምስሉ ጥሩ ነው?" ያለኝም የለም። ዋጋውን ስትናገሩ ፍርዱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ "በላሃቸው!"፣ ወይ "ተበልተሃል"። ይግባኝ የለውም።

ስለዚህ ሰው ይዘጋጃል። እኔ ለዚህች ማጫወቻ 2 ቀን ከሥራ ቀርቻለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሱቁን እንዳላየሁ አለፍኩት። ማለፍ ግዴታ ነው። ባለሱቁ ፍላጎትህን ካወቀ አለቀልህ። ተመልሼ የቬንትሌተር ዋጋ ጠየቅኩ። በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር የሚጠይቅ ሰው አይጠረጠርም። ከዚያ እግረ መንገዴን በአገጬ ወደ ማጫወቻው ጠቆም አድርጌ "ይሄስ?" አልኩ።

"4,500።"

ሳቅኩ። ሳቁ ረዘም ማለት አለበት፤ ጎረቤት ሱቅ ድረስ ካልተሰማ አይቆጠርም። "2,000" አልኩ። እሱ በተራው ሳቀ። እሱም ሙያውን ያውቃል። ወጣሁ።

ትልቁ ጥበብ መውጣቱ ላይ ነው። በቀስታ ትሄዳለህ፤ ጆሮህ ግን እዚያው ሱቅ ቀርቷል። አምስተኛው እርምጃ ላይ "ና አቦ፣ ና!" ካልተባልክ እርምጃህን ታሳጥራለህ። አስረኛው ላይም ካልተጠራህ ስልክህን እንደረሳ ሰው ኪስህን እየዳበስክ ትመለሳለህ። እኔ ስልኬን 3 ጊዜ ረስቻለሁ። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ባለሱቁ "ወላሂ ምንም አላተረፍኩብህ" ብሎ ምሎ፣ 3,200 ላይ ተጨባበጥን። 1,300 ብር አስቀነስኩ! በእነዚያ 2 ቀናት ማጫወቻውን አንድ ጊዜ እንኳ ከኋላ በኩል አዙሬ አላየሁትም። ጊዜስ የት ነበረኝ?

ታዲያ ጥራቱን አልመረመርክም ወይ ትሉ ይሆናል። መርምሬያለሁ እንጂ! አዋቂ ዘመድ ይዤ ነው የሄድኩት። አዋቂ ዘመድ የሌለው ሰው ዕቃ ባይገዛ ይሻለዋል። የእኔው ማጫወቻውን በሁለት እጁ አነሳና ከፍ ዝቅ አደረገው፤ ቀፊራ ገበያ ዶሮ እንደሚገዛ ሰው። "ከበድ ይላል፤ ኦርጅናል ነው" አለ። ቀጥሎ መብራቶቹን ቆጠረ። ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ፣ የሚሽከረከር አረንጓዴም አለ። ፊቱ ላይ ለማይክ ሁለት ቀዳዳ አለው። ቤታችን ውስጥ የሚዘፍን ሰው የለም፤ ቢሆንም ቀዳዳ ነው፣ ትርፍ ነው። በመጨረሻ ካርቶኑን አነበበ። 5,000 ዋት ፒኤምፒኦ። "አየህ? አምስት ሺህ!"

የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ የሚበላው 3,500 ዋት ገደማ ነው። ምጣድ ሲሰካ የግቢው አምፖል ሁሉ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። እኛ እንግዲህ እንጀራ ከመጋገር የሚበልጥ ኃይል በአንዲት ስስ ሳጥን፣ የጫማ ማሰሪያ በምታህል ገመድ፣ ተሸክመን ልንሄድ ነው። ከኋላው የተለጠፈችው ወረቀት "15 ዋት" ትላለች፤ እሷን ያነበብኳት ቆይቼ ነው። እውነተኛዋ እሷ ናት። እንዲህ ያለ ማጫወቻ ድምፁን ለቴሌቪዥን ያቀብላል እንጂ ራሱ አይጮህም። ፒኤምፒኦ የሚሉት ቁጥር ደግሞ ወጥ መለኪያ የለውም፤ ፋብሪካው ደስ ያለውን ይጽፍበታል። ይሁን እንጂ ካርቶኑ ላይ 15 ዋት ብሎ የጻፈን ፋብሪካ ማን ይገዛዋል? እኔም አልገዛውም።

ሙከራም ነበር። ባለሱቁ የራሱን ሲዲ አስገባ። ዓሣዎች ዋኙ። ቀጥሎ በረዶ የለበሰ ተራራ መጣ። ውጭ 35 ዲግሪ ነው፤ በረዶውን ሳየው ጀርባዬ ላይ ያለው ላብ ቀዘቀዘ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? ያ ሲዲ ግን ከማጫወቻ ወደ ማጫወቻ ይዛወራል እንጂ መሬት ነክቶ አያውቅም። የኛ ቤት ሲዲዎች ልጆች እንደ መኪና መሪ የሚነዷቸው፣ የሻይ ብርጭቆ የተቀመጠባቸው ናቸው። ቢሆንም የቤቱን ሲዲ ይዞ ሱቅ የሚሄድ የለም። ነውር ነው።

የቤታቸውን ሲዲ ይዘው የመጡ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ጎረቤቴ ናቸው፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰዓትና በብሎን ስለኖሩ ይሆናል፣ ይህን የኛን ጥበብ አልለመዱትም። እኔ ስልኬን ለሦስተኛ ጊዜ ረስቼ ስመለስ አገኘኋቸው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሲዲ ከኪሳቸው አወጡ። ጭረቱ ከሩቅ ይታያል። "ይህን አጫውትልኝ ልጄ" አሉ። ተጫወተ። "አሁን ወደ መጨረሻው ውሰደው።" ሲዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ መጀመሪያው ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው አሉ። ማን ጠየቃቸው?

ቀጥሎ ፍላሽ አወጡ። የልጅ ልጃቸው ከቴሌግራም ያወረደው ፊልም አለበት። አንዱ ማጫወቻ ድምፁን እያሰማ ምስሉን ነፈጋቸው። ሌላው ጭራሽ ፍላሽ የሚባል ነገር አላየሁም አለ። ርካሹ ማጫወቻ የድሮውን የፊልም ፋይል ዓይነት፣ ኤቪአይን፣ ያነባል እንጂ የአሁኑን ኤምኬቪ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ይህን ለማወቅ እሳቸው ፊልሙን ተሸክመው መጡ፤ እኛ ካርቶኑ ላይ "ሁሉንም ያጫውታል" የሚለውን አንብበን ጨረስን። በሦስተኛው ፊልሙ ሠራላቸው። ከኋላው ከአዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ጋር የሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ መኖሩን በጣታቸው ዳሰው አረጋገጡ። ሪሞቱን ይዘው ደጅ ድረስ ወጥተው ከዚያ ተጫኑት። "ሲዲውን የሚያነበው ሌንስ ሲደክም ለብቻው ይገኛል?" ብለውም ጠየቁ። ገና ሳይገዙት ስለ ሞቱ! ከዚያ የተጠሩትን 3,800 ብር ቆጥረው ሰጡ፣ "ሜርሲ" ብለው ወጡ። አንድ ብር አላስቀነሱም። ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ተያየን። ዘመዴ ራሱን ነቀነቀ። "ምስኪን" አለ። "ተበሉ።"

አንድ ነገር ግን ከልቤ ላመስግን። የኛ ርካሽ ማጫወቻ ድንበር አያውቅም። የፊልም ኩባንያዎች ለዲቪዲ ሲሉ ዓለምን በ6 ክልል ሸንሽነዋታል። አሜሪካና ካናዳ ክልል 1 ናቸው። አውሮፓና ጃፓን 2። እኛ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5። ድሬ አገር ውስጥ የማንም ክልል አይደለችም፤ በዲቪዲ ግን ክልል ተሰጥቷታል። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣችውን ኦርጅናል ሲዲ የጎረቤት ባለ ትልቅ ስም ማጫወቻ "ክልልህ አይደለም" ብሎ ተፋው። ስሟን ፋብሪካዋ እንኳ የሚያስታውስ የማይመስለኝ የኔዋ ግን ምንም ሳትጠይቅ ዋጠችው። ከባቡር ጋር ተወልዳ፣ በጅቡቲ በኩል ስንቱ ዕቃ ሲገባ እያየች ላደገች ከተማ የሚስማማት ማጫወቻ ይህ ነው።

ሲዲውን የምንገዛበት መንገድም ያው ነው። አንድ ፊልም ያለበት ሲዲ አባካኝ ይግዛው፤ እኛ ጋ "8 በ1" ነው። አንድ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋ ባይት ነው። ለስምንት ሲካፈል ለአንዱ 0.6 እንኳ አይደርሰውም። በዚያች ላይ የ3 ሰዓት የህንድ ፊልም ይታጨቃል። አክተሩ ዝናብ ውስጥ ሲጨፍር የቱ አክተር የቱ ዝናብ እንደሆነ የሚለየው የፊልሙ ቋሚ ተመልካች ብቻ ነው። ግን ስምንት ናቸው።

ቤት ስንደርስ ማጫወቻው የሚገባውን ክብር አገኘ። ፊቱ ላይ ያለው ላስቲክ አልተላጠም። ሪሞቱ በፌስታል ተጠቀለለ። ባለቤቴ ለቡፌው የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው፣ በላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠች። በዚህ ሙቀት እኛ ሸሚዝ አውልቀን የምንተኛ ሰዎች፣ የሚሞቀውን ዕቃ ልብስ ደርበን አስቀመጥነው። እንዲህ ለአንድ ሳምንት ኖረ። ሰው ሲመጣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ አሳያለሁ። "በስንት ገዛኸው?" "3,200።" "በላሃቸው!" በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሳምንት አላሳለፍኩም።

ስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ባለቤቴ ከቁም ሳጥን ውስጥ ልብ የተሳለበት ማቀፊያ አወጣች። "እስኪ ዛሬ የሰርጋችንን አስገባው" አለች። በየቤቱ ስንት የህንድና የአሜሪካ ፊልም ቢኖር፣ ከሁሉም የሚወደደው የሰርግ ሲዲ ነው። አስገባሁት። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሚዜዎቹ በር ላይ ተጋፉ። መኪኖቹ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ጥሩምባ እያሰሙ ዞሩ። ቀጥሎ አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እልል እያሉ እስክስታ ሊወርዱ ነጠላቸውን አደገደጉ። ቀኝ እጃቸውን አነሱ። እዚያው ላይ ቆመ።

ምስሉ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ተበታተነ። እጃቸው ተነስቶ ቀረ። ሰማያዊው መብራት ግን እንደ ጉድ ይበራል፣ አረንጓዴውም ይሽከረከራል። ወደ ፊት ስጫነው ኬክ መቁረጡ ላይ ዘሎ ወጣ። ስመልሰው እጃቸው። በሽርጤ ጠረግኩት። በጥርስ ሳሙና አሸሁት፤ ይህም ከአዋቂው ዘመዴ የተማርኩት ነው። መልሼ አስገባሁት። አሁን ሽማግሌዎቹም ጠፉ። "ኖ ዲስክ" አለ።

ጠጋኙ አራቱን ብሎን ፈትቶ ክዳኑን አነሳው። አንገቴን አስግጌ አየሁ። መሐል ላይ ሲዲ የሚቀመጥበት፣ ጥግ ላይ የመታወቂያ ካርድ የምታህል ቦርድ፣ የቀረው ሜዳ ነው። ሁለት ኪሎ ስኳር ይይዛል። ከታች በኩል ምንም የማይሠራ ጠፍጣፋ ብረት በብሎን ታስሯል። ዘመዴ በሁለት እጁ የመዘነው ኦርጅናሉ እሱ ነበር። "ሌንሱ ነው" አለ ጠጋኙ። "900 ብር።"

ደስ አለኝ ብል ትታዘቡኛላችሁ? ግን ደስ አለኝ። ሳቅኩ፣ ረጅም ሳቅ። ወጣሁ። ስልኬን ረሳሁ። 650 ላይ ኮፒውን ሌንስ አስገባልኝ። እየበረርኩ ቤት ገባሁና ሲዲውን ጠየቅኩ። ሲዲው የለም። ባለቤቴም የለችም።

ከግድግዳው ማዶ እልልታ ሰማሁ። ድምፁን አላጣሁትም፤ የአማቴ ነው። ከሞቱ 6 ዓመታቸው ነው። እልልታው እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ጭብጨባው ተከተለ፣ የሆነ ሰው ሳቀ፣ የሆነ ሰው አለቀሰ። አንድ ቦታ እንኳ አልቆመም። የባቡሩ ሽማግሌ ቤት ነው።

ማታ ባለቤቴ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ሲዲውን በጋዜጣ ጠቅልለው ነው የሰጧት። ዝም ብላ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጨለማው ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። እሳቸው 3,800። እኔ 3,200። ጋሼ 600 ብር ተበልተዋል።

የሌንሱ 650 ሌላ ሒሳብ ነው።