«ሣር ነው የዘራሽው»

ወገኖቼ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው። በአክስቴ ማሳ ላይ የተደረገውን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ያደረጉት ደግሞ ባዕዳን አይደሉም። የራሳችን ሰዎች ናቸው።

አክስቴ ጎጃም ውስጥ በቆሎ ታመርታለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የምታርሰው ከልጇ ጋር ነው። የማዳበሪያው ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል፣ የማሳው ምርት ይቀንሳል። አምና የቀበሌው የግብርና ባለሙያ አንድ ነገር መከራት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ከመጨረሻው ኩትኳቶ በኋላ፣ በበቆሎው መስመሮች መሃል ቬች የሚባለውን የመኖ ሰብል እንድትዘራ። በቆሎው ሲነሣ ቬቹ መሬቱን ሸፍኖ ይቆያል። ሥሩ አፈሩን ያላላዋል። ሲደርቅም ማሳውን ከፀሐይ ይከልላል፣ በስብሶም አፈር ይሆናል። እሺ ብላ ዘራች።

በቆሎው እንደተነሣ ሄጄ አየሁት። የጎረቤቶቿ መሬት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ የሷ አረንጓዴ ነበር። አንዱን ቬች ነቅላ አሳየችኝ። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች አሉ። በጥፍሯ ስትሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀላ ያለ ነው። ለሰብል ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከሥሩ ጋር የወጣው አፈር ገና በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ከዚያ ወሰኑን ተሻግራ ከጎረቤት ማሳ አንድ ጓል አነሣች። እንደ ጡብ ነው። በዶማ መትታ ነው የሰበረችው። «አየህ ልዩነቱን፣ ልጄ?» አለችኝ። እንደዚያ ደስ ብሏት ካየኋት ስንት ዘመኔ!

ብዙም ሳይቆይ ልጇ ደወለልኝ። ከብት ገብቶበታል።

እረኛ ተዘናግቶ አይደለም። ጎረቤቶቿ መክረው፣ የሰፈሩን ከብት በጠዋት ነድተው አስገቡት። ሮጣ ወጣች። «እኔው አጭጄ ግማሹን ልስጣችሁ፣ ሥሩ ብቻ ይቅርልኝ» ብላ ለመነች። አንዱ «ሰብል የተነሣበት ማሳ የሁሉም ነው» ብሏት አለፈ። እኩለ ቀን ላይ ቅጠል አልቀረም። ከሽፋኑ ሥር የነበረው አፈር ገና እርጥብ ስለነበር በኮቴ ተረግጦ ጠጠረ።

ሽማግሌ አስቀመጠች። የተበላው በቆሎ ቢሆን ካሣ ይፈረድላት ነበር። ለቬቹ ግን «አንቺ፣ ሣር ነው የዘራሽው። ሣር ደግሞ የከብት ነው» አሏት። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ።

መበላቱን እረሳው ይሆናል። ያን ሳቅ ግን አልረሳውም።

ከገቡት ከብቶች አንዳንዶቹ የከተማ ሰው ንብረት ናቸው። ገንዘባችንን ከብት አድርገን ትርፉን ለመካፈል ገጠር ላለ ዘመድ የእኩል የምንሰጥ ብዙ ነን። ከዚያ ካፌ ቁጭ ብለን ጤፍ ተወደደ እንላለን። ስለዚህ ገበሬውን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ።

ለጤፍ አምስት ስድስት ጊዜ እያረስን አፈሩን እናደቀዋለን። ገለባውን ከብት ይበላዋል። አገዳውም ኩበቱም ምድጃ ውስጥ ይገባል። ለመሬቱ ምን ተረፈው? ማረሻ ከሚደርስበት በታች ያለው አፈር እየጠጠረ ሄዶ ውኃ አላስገባ፣ ሥር አላሳልፍ ብሏል። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ መሬቱን ራቁቱን ያገኘዋል። ጠብታው የላዩን አፈር መትቶ ይደፍነዋል፣ ከዚያ ውኃው መስረጉን ትቶ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። አባይ ክረምት ላይ የሚደፈርሰው በምን መሰላችሁ? ከደመወዛችን ተቆርጦ፣ ቦንድ ገዝተን በሠራነው ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ የሚተኛው ይኸው የማሳችን አፈር ነው።

ጎረቤቶቿ ክፉ ናቸው ማለት ግን አልችልም። ባሏ የሞተ ጊዜ ሰብሏን በደቦ ያነሡላት እነሱ ናቸው። የግጦሹ መሬት ታርሶ አልቋል። የካቲት ላይ የጎኑ አጥንት የሚቆጠር በሬ ይዞ አረንጓዴ ማሳ አጠገብ መቆም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ያ ቬች ታጭዶ ቢሰጣቸው ለከብቱም ለመሬቱም ይበቃ ነበር። እሷም ያለችው ይህንኑ ነው።

ባህላችን ነው፣ አይቀየርም አትበሉኝ። የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋውን አስሮ፣ ከማሳው እያጨደ ያበላል። እርከናቸው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበላቸው ኮንሶዎችም ከብት አስረው መቀለብ ያውቁበታል። እነሱም እንደኛው መሬት የጠበባቸው ሰዎች ናቸው።

አክስቴ ዘንድሮ ግብጦ ልዘራ ነው ትላለች። ግብጦ ናይትሮጅን ይይዛል፣ ሥሩም ጠልቆ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ መራራ ስለሆነ ከብት አይደፍረውም። ብልሃቷ ያኮራኛል። ግን አንዲት ሴት አፈሯን ከጎረቤቶቿ ለማስጣል መራራ ነገር መርጣ መዝራት አለባት? እንዲህ ሆነን ቀረን?

እድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ያልመጣ ስንት እንደሚቀጣ ጽፈናል። «አፈር ለመሸፈን የተዘራ ማሳ ላይ ከብት አይገባም፣ መኖው ታጭዶ ይከፋፈላል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ምን ያቅተናል? ከብት ገጠር ያስቀመጣችሁም፣ ለያዘላችሁ ሰው ደውሉና ከብታችሁ የሰው ማሳ እንዳይገባ ንገሩት። የመኖውን ወጪ ተጋሩት።

ሁላችሁም ትሰሙኛላችሁ ብዬ አልጠብቅም። ስንት ነገር ተነግሮን አልሰማንም። ነገር ግን ሰሞኑን፣ ያን ቀን ከብቱን ካስገቡት አንዱ የአክስቴን ልጅ የቬች ዘር የት እንደሚገኝ ጠይቆታል። የፈለገው ለከብቱ ነው። ይሁን፣ ለከብቱም ቢሆን ይዝራው። ማሳቸው ኩታ ገጠም ስለሆነ እሱም ከዘራ አብረው ያስጠብቃሉ። ነሐሴ ሲደርስ የምር መሆኑን እናያለን።