የቱ ነው ጂያን? በዶራኤሞን ቴሌቪዥንና ፊልም ላይ የተደረገ ክርክር

ጃፓናዊው የልጆች ካርቱን «ዶራኤሞን» እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በቴሌቪዥን፣ ከ1980 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ ለማለት ይቻላል በሲኒማ ይታያል። ዶራኤሞን ኖቢታ የተባለውን ደካማ ልጅ ከኪሱ በሚያወጣቸው ተአምረኛ ዕቃዎች ለመርዳት ከወደፊቱ ዘመን የመጣ ሮቦት ድመት ነው፤ ጂያንና ሱኔዮ የኖቢታ የሰፈር ልጆች ናቸው። ለልጅ ቴሌቪዥኑ ይሻላል ወይስ ፊልሙ?

የፊልሙ ወገን፦ ለእኔ ነገሩ ገና በመጀመሪያው ፊልም፣ በ«ኖቢታ ዳይኖሰር» አልቋል። ልጆቹ ከዘመን ወደ ዘመን የሚያጓጉዛቸው ታይም ማሽን ተበላሽቶ በዳይኖሰር ዘመን ቀርተዋል። ዳይኖሰር የሚያጠምዱ ሰዎች መጥተው ኖቢታ ከእንቁላል አስፈልፍሎ ያሳደገውን ዳይኖሰር ፒሱኬን ከሰጣችሁን ወደ ቤታችሁ እንመልሳችኋለን ይሏቸዋል። ሱኔዮ እንስጣቸው ባይ ነው። ጉልበተኛው ጂያን ግን ሊወድቅ ሲል ኖቢታ እጁን አልለቅም ማለቱን አስታውሶ፣ ከኖቢታ ጋር በእግሬ እሄዳለሁ ይላል። እውነተኛው ጂያን ይህ ነው። የቴሌቪዥኑ አጭር ክፍል ይህን የመሰለ ነገር አይችልም።

የቴሌቪዥኑ ወገን፦ እውነተኛው ይህ ከሆነ፣ በየሳምንቱ የኖቢታን ኮሚክ የሚነጥቀው ማነው? «ያንተም የእኔ ነው፣ የእኔም የእኔ ነው» የሚለውስ? ባዶው ሜዳ ላይ፣ የሲሚንቶ ቱቦዎቹ አጠገብ ሰፈሩን ሰብስቦ በዚያ ድምፁ እየዘፈነ የሚያሰቃየውስ? ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚያገኙት ይህን ልጅ ነው። በዚያ ላይ ፊልሙ ያጭበረብራል። የዶራኤሞን ኪስ ችግሩን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ስለሚፈታ፣ ታሪኩ እንዲረዝም አንዱን ዕቃ ያበላሻል፣ ሌላውን ያስጠፋል።

የፊልሙ ወገን፦ የፊልሞቹን ታሪክ እስኪሞት ድረስ በኮሚክ የጻፈው ራሱ ፈጣሪው ፉጂኮ ኤፍ ፉጂዮ ነው። ጂያንን እኛ አላሳመርነውም፤ የፈጠረው ሰው ነው እንዲህ ያሳየን።

የቴሌቪዥኑ ወገን፦ ጥያቄዬን አልመለሱም። ዓመቱን ሙሉ የሚደበድብ ልጅ በዓመት አንድ ቀን ደግ ሲሆን ደግነቱን «እውነተኛ» ካሉት፣ ድብደባውን ምን ሊሉት ነው? የተመታው ልጅ ይህን ሲሰማ ሕመሙ ቅዠት ነበር እንዳሉት ነው የሚቆጥረው።

የፊልሙ ወገን፦ እኔ የተመታ ልጅ ዝም ይበል አላልኩም። እንዲህ ያለ ሐሳብ በእኔ ላይ መለጠፍዎ ያሳዝናል። ያልኩት ጉልበተኛ ልጅም ከጉልበተኝነቱ የሚበልጥ ነገር አለው ነው። ይህን የማያምን ሰው የትኛውን ልጅ ሊያርም ነው?

የቴሌቪዥኑ ወገን፦ ማረም ሌላ፣ ማድበስበስ ሌላ። ቴሌቪዥኑ ኖቢታ እንደሚያለቅስ፣ ወደ ዶራኤሞን እንደሚሮጥ፣ በተሰጠው ዕቃ ሊበቀል ሲሞክር መልሶ ራሱ ላይ እንደሚደርስበት አይደብቅም። ልጅ ራሱን የሚያየው እዚያ ነው። «እውነተኛው ጂያን ይህ ነው» ያሉትን ቢያነሱት ኖሮ የዳይኖሰሩ ፊልም ማማር አያጣላንም ነበር።

የፊልሙ ወገን፦ አላነሳም። ጂያን ሰፈር ውስጥ የሚያደርገው ማንም የማይገስጸው ልጅ የሚለምደውን ነው። ዳይኖሰሮቹ መሃል ግን ቤቱ የሚገባበት መንገድ ተከፍቶለት ሳለ እንቢ አለ። የሚያስከፍለውን እያወቀ የመረጠው ያኔ ብቻ ነው፤ ልጄ እንድታይልኝ የምፈልገውም ያንን ነው።